ተማሪዎቹን ይቀበሏቸው፤ ስትራቴጂክ ዕቅዱን ግን አይስጧቸው

ጥያቄ፦ «ሐዋሳ ውስጥ አንድ አነስተኛ አገር በቀል ድርጅት አስተባብራለሁ። ሰባት ሠራተኞች ነን። ዋና ሥራችን የሴቶች ራስ አገዝ የቁጠባ ቡድኖችን ማደራጀት ነው። ከጎን የጥቂት ልጆችን የትምህርት ወጪ እንሸፍናለን። ሰሞኑን አምስት የአራተኛ ዓመት የማኔጅመንት ተማሪዎች ከዲፓርትመንታቸው ደብዳቤ ይዘው መጡ። ለአንድ ኮርስ ሲሉ አንድ ሴሚስተር ሙሉ በነጻ ሊያማክሩን ይፈልጋሉ። ቦርዱ በጣም ተደስቷል። የሰብሳቢያችን ልጅ አሜሪካ ስትማር እንዲህ ዓይነት ሥራ ሠርታለች። ‹የአምስት ዓመት ስትራቴጂክ ዕቅድ ያውጡልን፣ ፕሮፖዛልም ይጻፉልን፤ አማካሪ ቀጥረን የአስተዳደር ወጪያችን ከሚያብጥ› እያሉ ነው። የሒሳብ ሠራተኛችን ደግሞ ‹ፋይላችንን ለተማሪ አሳልፌ አልሰጥም› ብላለች። የቱ ነው ልክ? ብንቀበላቸውስ ምን እናሠራቸው?»

መልስ፦ የሒሳብ ሠራተኛዋ ግማሽ ልክ ናት። ቦርዱ ግን ሦስት ነገር ተምታቶበታል። ስለ አስተዳደር ወጪ ያለው ግንዛቤ የቆየ ነው፣ ነጻ ያለው ሥራ ዋጋ አለው፣ አማካሪ ያላቸው ልጆችም ገና ሥራ የሚለማመዱ ተማሪዎች ናቸው። ይህን ሁሉ ብዬም ምክሬ ተቀበሏቸው ነው። ምን እንደምታሠሯቸው ግን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ እንጂ ልጆቹም አስተማሪያቸውም አይደሉም።

ሕጉን ላስቀድም፣ እሱ ቶሎ ያልቃል። የቦርድ አባላት «አማካሪ» ሲባሉ የሚደነግጡት ከድሮው አዋጅ በተረፈ ፍርሃት ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማህበራት አዋጅ ቁጥር 621 ብዙውን ወጪ አስተዳደራዊ ብሎ ይቆጥር ስለነበር 70/30 የሚባለው ነገር (ቢያንስ 70 በመቶው ለዓላማው ሥራ፣ ቢበዛ 30 በመቶው ለአስተዳደር) ድርጅቶችን ለዓመታት ሲያስጨንቅ ኖሯል። አሁን የሚሠራው አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪውን ጣሪያ ወደ 20 በመቶ ዝቅ አድርጎታል። አስተዳደራዊ የሚለው ግን ከፕሮጀክት ሥራ ጋር የማይገናኘውን፣ ድርጅቱ ቆሞ እንዲሄድ ብቻ የሚያስፈልገውን ወጪ ነው። ለአንድ ፕሮጀክት የሚሠራ የመነሻ ጥናት ወይም ግምገማ እዚያ ውስጥ አይገባም። ምዝገባችሁ በክልል ደረጃ ከሆነ የክልሉንም ሕግ ማየት አለባችሁ። ዞሮ ዞሮ ተማሪ ማሠራት ከ20 በመቶው ማምለጫ ዘዴ አይደለም።

«ነጻ» የሚለውን ደግሞ በወረቀት እናስላው። አንድ ተማሪ ሌሎች ኮርሶች እየተከታተለ ለእናንተ ሥራ በሳምንት 4 ሰዓት ከሰጠ ጥሩ ነው። አምስት ተማሪ በ12 ሳምንት 240 ሰዓት ይሆናል። በ8 ሰዓት ሲካፈል የአንድ ሰው 30 የሥራ ቀን ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ ድርጅታችሁን ለማወቅ፣ ለመመላለስና ለኮርሱ የሚፈለገውን ለመጻፍ ግማሹ ይሄዳል። ስለዚህ በእጃችሁ የሚገባው ልምድ የሌለው ሰው 15 ቀን የሠራው ሥራ ነው። አሁን የእርስዎን ይቁጠሩ። በየሳምንቱ አንድ ሰዓት ስብሰባ፣ 12 ሰዓት። መረጃ ማዘጋጀት ሁለት ቀን፣ 16 ሰዓት። ቡድኖቹ ጋ ወስዶ ማስተዋወቅ ሦስት ግማሽ ቀን፣ 12 ሰዓት። ረቂቅ ማንበብና ማረም 4፣ የመጨረሻው ገለጻ 3። በድምሩ 47 ሰዓት፣ ከአንድ የሥራ ሳምንት በላይ። ሰባት ሠራተኛ ላለው ቢሮ ይህ ቀላል አይደለም። ይህን ሰዓት ከየት እንደሚያመጡት ካላወቁ ልጆቹን በሚቀጥለው ሴሚስተር ኑ ይበሏቸው።

ወደ ስትራቴጂክ ዕቅዱ ልምጣ። ሳስተምር በነበረበት ጊዜ አድቫይዘር የሆንኩለት አንድ ግሩፕ ለአንድ ትንሽ ድርጅት የአምስት ዓመት ዕቅድ ሠርቶ ነበር። 84 ገጽ ነው፣ ባይንድ ተደርጎ፣ ሽፋኑ ላይ ሎጎ ያለው። እኔም ጥሩ ማርክ ሰጥቻቸዋለሁ። ከሁለት ዓመት በኋላ ለሌላ ጉዳይ እዚያ ቢሮ ስሄድ ዕቅዱን አየሁት። አንድ እግሩ የተሰበረ ፕሪንተር ተደግፎበታል። ያፈርኩት በድርጅቱ ሳይሆን በራሴ ነው። ልጆቹ የሠሩት ነገር ስህተት አልነበረበትም፤ ጥንካሬ፣ ድክመት፣ መልካም አጋጣሚ፣ ስጋት ብለው አራት ሳጥን ሞልተዋል። ግን ያንን ሰነድ የማንኛውንም ድርጅት ስም አስገብተህ ብታነበው ያስኬዳል። ዛሬ ደግሞ ቻትጂፒቲ አለ። ያንን 84 ገጽ አንድ ምሽት ይጨርሰዋል።

ስትራቴጂክ ዕቅድ ከጽሑፍነቱ ይልቅ ውሳኔነቱ ይበልጣል። ከየትኛው ቀበሌ እንውጣ፣ የትኛውን ሥራ እናቁም፣ የልጆቹን ድጋፍ እንቀጥል ወይስ ለሌላ እናስረክብ፤ ይህን ቦርዱ ተጨቃጭቆ መወሰን አለበት። ሐምሌ ላይ ተመርቆ የሚሄድ ልጅ ይህን ሸክም አይሸከምላችሁም። ፕሮፖዛልም ያው ነው። የምትገቡትን ቃልና በጀት የምትፈርሙት እናንተ ናችሁ። ለጋሽ በቲኦአር (የሥራው ዝርዝር በሚገለጽበት ሰነድ) የጠየቀውን የማጠቃለያ ግምገማ ተማሪ ቢሠራው ተቀባይነት አያገኝም፤ ልምድ ያለው ገለልተኛ ገምጋሚ ነው የሚፈልጉት። ኦዲቱ የተመሰከረለት የውጭ ኦዲተር ሥራ መሆኑን ለእናንተ መንገር አያስፈልግም።

የሰብሳቢያችሁ ልጅ የሠራችው ዓይነት ሥራ በውጭ አገር በደንብ የተደራጀ ነው። 180 ዲግሪስ ኮንሰልቲንግ የሚባለው የተማሪዎች ድርጅት እንደ ፈረንጆቹ በ2007 ሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ተጀምሮ አሁን በብዙ አገር ዩኒቨርሲቲዎች ቅርንጫፍ አለው። ሥራቸው ትርፍ ለማይፈልጉ ድርጅቶች ማማከር ነው። ተማሪው ተወዳድሮ ይገባል፣ ይሠለጥናል፣ ቡድን መሪ አለው። እኛም ጋ ተማሪን ወደ ሕዝብ መላክ ትናንት የመጣ ነገር አይደለም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ጠቅላይ ግዛት ወርዶ ያገለግል ነበር፣ አብዛኛው አስተማሪ ሆኖ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን የቀረጸው በማህበረሰብ ላይ ተመሥርቶ ነው፤ ከተለያየ ዲፓርትመንት የተውጣጡ የጤና ተማሪዎች በቡድን ሆነው ጤና ጣቢያ ወርደው ይሠራሉ። የሕግ ትምህርት ቤቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ከፍተው ተማሪዎቻቸውን ያለማምዱበታል። እነዚህ ሁሉ ተማሪው ወይ ሙሉ ጊዜውን የሚሰጥባቸው፣ ወይ ከአጠገቡ የሚያርመው ባለሙያ ያለባቸው ናቸው። እናንተ ጋ የመጡት ልጆች ሁለቱም የላቸውም። በሁለት ክላስ መካከል ባጃጅ ይዘው የሚመጡ ልጆች ናቸው። ስለዚህ ሥራው በዚያው ልክ መጥበብ አለበት።

እኔ ብሆን አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የምሰጣቸው። መልሱ መካከለኛ ቢሆን እንኳ የሚጠቅማችሁ፣ ቢበላሽ ደግሞ ማንንም የማይጎዳ ጥያቄ መሆን አለበት። የቁጠባ ቡድን የሚያደራጅ ሁሉ የሚያውቀው ችግር አለ። ቡድኑ ሲጀመር 15 ወይም 20 ሴቶች ይሰበሰባሉ፣ ከዓመት በኋላ ሲታይ የተወሰኑት የሉም። ለምን? ሠራተኞቻችሁን ብትጠይቁ «ተስፋ ቆርጠው ነው» ወይም «እርዳታ ጠብቀው ነበር» ይሏችኋል። ይህ ግምት ነው። ልጆቹ ይህን አንዱን ያጥኑ፦ ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ከቡድን የሚወጡት እነማን ናቸው፣ በየትኛው ወር ይወጣሉ፣ ምክንያቱስ ምንድን ነው? ብዙ ሰው የወጣባቸውን ሁለት ቡድኖችና ማንም ያልወጣበትን አንድ ቡድን ምረጡላቸው። ሁሉንም ቡድን እናዳርስ ካሉ እምቢ በሏቸው።

እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ለማኔጅመንት ተማሪ ልኩ ነው። ግማሹ ሥራ መዝገብ ላይ ነው፤ የሳምንት ቁጠባ፣ የብድር መመለሻ ቀን፣ የስብሰባ መቅረት። ይህን ኤክሴል ላይ አስገብቶ ወር በወር ማየት ልጆቹ ከእናንተ ሠራተኞች በተሻለ የሚችሉት ነገር ነው፤ ቢሮ ውስጥ ለዚህ ጊዜ ያለው ሰው የለምና። ከፕሪንተሩ በኋላ ያማከርኩት ሌላ ግሩፕ ይህንኑ ሠርቶ ነበር። ሴቶቹ የሚጠፉት መስከረም ላይ ሆኖ ተገኘ። የልጆች ምዝገባ፣ ደብተር፣ ዩኒፎርም፣ በዓል፤ ሁሉም አንድ ላይ ይመጣል። የብድሩ የመጨረሻ ክፍያ ደግሞ የሚያርፈው እዚያው ወር ላይ ነበር። መክፈል ያልቻለችው ሴት ታፍርና ትቀራለች። ድርጅቱ የክፍያ ወሩን አዛወረው። ሪፖርቱ ስድስት ገጽ ነበር። እናንተ ጋ መልሱ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ሐዋሳ ላይ የቤት ኪራይ ተወዶ ወደ ዳር የወጡ ይኖራሉ፣ ሥራ ፍለጋ አረብ አገር የሄዱም ይኖራሉ።

ሌላው ግማሽ ቃለ መጠይቅ ነው። እዚህ ላይ ነው የሚበላሸው። አምስት ተማሪ ወረቀትና ስልክ ይዞ አንዲት እናት ፊት ሲቀመጥ እሷ የምታየው የእርዳታ ምዝገባ ነው። «ሊመዘግቡን መጡ» ይባልና ሰፈሩ ይሰበሰባል፣ መልሱም ለእርዳታ የሚሆን መልስ ይሆናል። ስለዚህ ሁለት ሁለት ሆነው ይሂዱ፣ ቢቻል አንዷ ሴት ትሁን። መጀመሪያ የሚናገሩትም ተማሪዎች መሆናቸውን፣ ለመጠየቅ ብቻ እንደመጡ፣ ምንም ነገር እንደማይሰጡና አልመልስም ማለት እንደሚቻል ይሁን። የእናንተ አመቻች አስተዋውቃቸው ትሂድ። እሷ እዚያ ከተቀመጠች ከቡድኑ የወጣችው ሴት እውነቱን አትነግራቸውም፤ ምናልባት ምክንያቱ አመቻቿ ራሷ ናት። ሲዳምኛ ወይም ወላይትኛ የሚቀናቸው ሴቶች ካሉ ቋንቋውን የሚችል ተማሪ በግሩፑ ውስጥ መኖሩን አስቀድመው ይጠይቁ። የሴትየዋ ልጅ እያስተረጎመ ስለ ብድር ማውራት ነውር ነው፣ መልሱም አይታመንም።

ከቡድኑ የወጡትን ማግኘት ይከብዳል። ስልክ ይቀየራል፣ ቤት ይቀየራል። ልጆቹ ሲደክማቸው ያሉትን ብቻ ጠይቀው ይመጣሉ። ያሉትን ጠይቆ የወጡት ለምን እንደወጡ መጻፍ ሐሜት ነው። ቢያንስ 12 የወጡ ሴቶችን ማነጋገር አለባችሁ ብለው ቁጥሩን ቀድመው ይንገሯቸው። 12 ሰው የከተማውን ሁሉ ሁኔታ አይናገርም፣ ልጆቹም በመቶኛ እያሰሉ «58 በመቶ የሚሆኑት» እንዲሉ አይፍቀዱላቸው። ለውይይት የሚሆን ፍንጭ ይሰጣችኋል፣ ያ ይበቃል።

ፋይሉን በተመለከተ የሒሳብ ሠራተኛዋ ስጋት ተገቢ ነው። አሁን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። የሰው ስም፣ ስልክ፣ ቀበሌ፣ የጤና ሁኔታ፣ የብድር ዕዳ ሰብስቦ የያዘ ድርጅት ኃላፊነት አለበት። ተማሪው ግን መረጃውን በፍላሽ ይዞ ኢንተርኔት ካፌ ገብቶ ፕሪንት ያደርጋል፣ ለጓደኛው በቴሌግራም ይልካል። ክፋት ኖሮበት አይደለም፤ አሳይመንት እንዲህ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ዋናው መዝገብ ከቢሮ አይወጣም። ስም በቁጥር የተተካበት ቅጂ ነው የሚሰጣቸው፣ ቁጥርና ስሙን የሚያገናኘው ዝርዝር ደግሞ እናንተ ጋ ይቆለፋል። ከቡድን የወጡትን ሴቶች ስልክ ደውላችሁ የምታስፈቅዱት እናንተ ናችሁ፤ እሺ ያለችው ብቻ ከተማሪዎቹ ጋር ትገናኛለች። ፎቶ አይነሳም። የትምህርት ወጪ የምትሸፍኑላቸውን ልጆች ጉዳይ ደግሞ ጨርሶ አያስነኩ። ያልሠለጠነ ተማሪ ሕጻን ቤት ድረስ ሄዶ «አባትህ የት ነው?» ብሎ የሚጠይቅበት ምንም ምክንያት የለም።

አሁን ስለ አስተማሪው። ብዙ ድርጅቶች የሚረሱት እሱን ነው። ማርክ የሚሰጠው እሱ ነው፣ ልጆቹም የሚሠሩት እሱ ለሚፈልገው ነው። እሱ የሚፈልገው መግቢያ፣ የችግሩ ገለጻ፣ ቀደምት ጥናቶች፣ የአጠናን ዘዴ እያለ በምዕራፍ የተከፋፈለ ወረቀት ነው። እናንተ የምትፈልጉት ደግሞ አራት ገጽና አንድ ንጹህ የኤክሴል ሠንጠረዥ ነው። ሁለቱ ካልተለዩ የሚደርሳችሁ የእሱ ነው። ስለዚህ ልጆቹን ሳይሆን አስተማሪውን በአካል ያግኙት። ለድርጅቱ የሚሰጠው አጭር ሪፖርት ከማርኩ የተወሰነ ድርሻ ይኑረው፣ የእርስዎ አስተያየትም ይታይ ብለው ይጠይቁት። በኔ ልምድ አብዛኞቹ አስተማሪዎች እሺ ይላሉ፤ እስካሁን ያላደረጉት ጠይቋቸው የሚያውቅ ስለሌለ ነው። እሱም ብዙ ግሩፕ ስለሚይዝ በየሳምንቱ ይመጣል ብለው አይጠብቁ። በሴሚስተሩ መሃል አንዴ፣ መጨረሻ ላይ አንዴ ከመጣ እግዜር ይስጠው።

አምስት ሆነው ቢመጡም የሚሠሩት ሁለት ወይም ሦስት ናቸው። ይህን ያልኖረ ተመራቂ የለም፤ ስሙን ብቻ ሽፋን ላይ የሚያስገባ ሁሌም አለ። ማን መዝገቡን እንደሚያስገባ፣ ማን እንደሚጠይቅ፣ ማን እንደሚጽፍ በመጀመሪያው ስብሰባ ስም በስም ያስጽፏቸው። ከእናንተ በኩልም የሚያናግራቸው አንድ ሰው ይሁን።

የጊዜ ሰሌዳውን በእነሱ ካላንደር አትመኑት። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይፈተናል። ፈተናው ሲቀርብ ልጆቹ ስልክ አያነሱም፣ ልፈርድባቸውም አልችልም። የመጨረሻው ረቂቅ ከፈተናው ቢያንስ ስድስት ሳምንት ቀድሞ እንዲገባ አድርጉ። ለገለጻው ደግሞ ቦርዱን ጥሩት፤ ሰብሳቢው ቁጭ ብሎ ልጆቹን ይጠይቅ።

ክፍያ አያስፈልግም፣ እንዲያውም አትክፈሉ። ከከፈላችሁ ግንኙነቱ ይቀየራል፣ ቦርዱም «ከፍለን የለ እንዴ» ብሎ ዕቅዱን መጠየቅ ይጀምራል። ትራንስፖርት፣ ፕሪንትና ኮፒ፣ መስክ የወጡበት ቀን ምሳ ግን ሸፍኑላቸው። የተማሪ ኪስ ይታወቃል። ለቃለ መጠይቅ ያልሄዱበት ቀን ሁሉ ምክንያቱ ስንፍና አይደለም፣ አንዳንዴ የታክሲ ነው።

ስምምነቱ አንድ ገጽ ይበቃል። ጥያቄውን፣ የመጀመሪያና የመጨረሻውን ቀን፣ የሚሰጣችሁን ሁለት ነገር፣ የመረጃ አያያዙን፣ የምትሸፍኑትን ወጪ ይጻፉበት። ሥራው የማን እንደሆነም ይገለጽ፦ ልጆቹ ለትምህርታቸው ያቅርቡት፣ ሲቪያቸው ላይም ይጻፉት፤ እናንተ ደግሞ ያለ ተጨማሪ ፈቃድ ተጠቀሙበት። በየትም ቦታ ከመታተሙ በፊት ግን ያሳዩአችሁ። ሲያልቅ በእጃቸው ያለውን መረጃ እንደሚያጠፉም ይፈርሙ። የዲፓርትመንቱ ኃላፊ፣ አስተማሪው፣ አምስቱም ተማሪዎችና እርስዎ ፈርሙበት።

አስተማሪው «ኮርሱ ስትራቴጂክ ዕቅድ ነው የሚለው፣ ሌላ አልቀበልም» ካለ አመስግነው ይተዉት። ልጆቹ ሌላ ድርጅት ያገኛሉ። እሺ ካለ ግን በዚህ ሳምንት ሥራው ይጀመር፣ የመጀመሪያው ሥራም የእናንተ ነው። የሒሳብ ሠራተኛዋን ሦስቱን መዝገቦች ስም እየሰረዘች በቁጥር ትተካ ዘንድ ሁለት ቀን ይስጧት። ፋይሉን አሳልፌ አልሰጥም ያለችው እሷ ናት፤ ምን እንደሚወጣና ምን እንደሚቀር ከእሷ የተሻለ የሚያውቅ የለም።